በሰው ሀገር ያንቀላፋው ልጅ፤ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወትና መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ያንቀላፉ ልጆቿን የምታስበው ቀን ቆጥራና ስም ጠርታ ነው። አንድ ክርስቲያን ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ከዚያም በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱና በ7ኛው ዓመት መታሰቢያው ይፈጸማል። ቤተ ዘመድም እንደ አቅሙ እህል ውኃውን አዘጋጅቶ፣ ካህናቱንና ነዳያኑን ጠርቶ ተዝካሩን ያወጣል። በየቅዳሴውም በሃይማኖት ያንቀላፉት ሁሉ ይታሰባሉ። ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው ሞት ሰውን ከቤተ ክርስቲያን አንድነት አይለየውም በሚል እምነት ላይ ነው።

ነገር ግን ሥርዓቱ ይፈጸም ዘንድ ቀኑን የሚቆጥርና ስሙን የሚጠራ ሕያው ሰው ያስፈልጋል። አባቱና እናቱ ቀድመውት የሞቱ፣ ወንድምና እኅት በአጠገቡ ያልነበሩት፣ ቋንቋውን በማይሰማ ሕዝብ መካከል ያደገና በዚያው የሞተ ልጅ ቀኑን ማን ይቆጥርለታል? ይህ ጥያቄ በባዕድ ሀገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቅርብ ነው። ጥያቄው ከማንም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ በልዑል ዓለማየሁ ሕይወት ነው።

ትውልዱ

ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የቋራው ካሳ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሆኑ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። የሁለቱ ቤቶች መገናኘት ከጦርነት በኋላ የመጣ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረጓቸው፤ ወዲያውም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ደጃዝማች ውቤም ታሰሩ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ባለቤታቸውን እቴጌ ተዋበችን በ1850 ዓ.ም. በሞት ካጡ በኋላ የእስረኛቸውን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። እቴጌ ጥሩወርቅ ጾምና ጸሎት የሚወዱ፣ ዳዊት ከእጃቸው የማይለይ ወይዘሮ እንደ ነበሩ ይነገራል። የአባታቸው እስራት ግን በትዳራቸው ላይ ጥላውን ጥሎ ኖረ። ባልና ሚስቱ ከዓመት ዓመት እየተራራቁ ሄዱ፤ እቴጌይቱም ከልጃቸው ጋር በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። ዓለማየሁ የዙፋን ልጅ ሆኖ ቢወለድም ልጅነቱን ያሳለፈው በአንድ በኩል የአባቱ ግምጃ ቤት፣ በሌላ በኩል የአባቱ እስር ቤት በነበረ አምባ ላይ ነው።

የመቅደላ ሰኞ

ዐፄ ቴዎድሮስ ኢትዮጵያን አንድ የማድረግና ሕዝባቸውን የእጅ ሥራ ጥበብ የማስተማር ትልቅ ሐሳብ ነበራቸው። ለዚህም ወዳጅነት ፈልገው ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ እንደ ንቀት ቆጠሩትና የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው ጦር በጄኔራል ሮበርት ናፒየር እየተመራ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወረደ፤ ተዋጊው ብቻ ወደ 13,000 ይጠጋ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የንጉሡ ቁጣ በገዛ ሕዝባቸው ላይ ከብዶ ስለ ነበር፣ ወራሪው ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ መንገዱን የዘጋበት መኳንንት አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. ስቅለት የዋለው ሚያዝያ 3 ቀን ነበር፤ በዚያው ዕለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ እጅግ ብዙ የንጉሡ ወታደር አለቀ። ከፋሲካ ማግሥት፣ በማዕዶት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ወታደሮች በር ሰብረው ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። አስከሬናቸውም በመቅደላ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ። ታቦታት፣ ጽዋዎች፣ መስቀሎች፣ አክሊሎችና ቁጥራቸው የበዛ የብራና መጻሕፍት ተጓዙ፤ ጭነቱን ለማንሣት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። አምባውም በእሳት ተቃጠለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ከአባቱ ቤት የወጣው የአባቱን ዕቃ በተሸከመው ሠራዊት መካከል ነው።

የእናቱ ዕረፍት

እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ሆነው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ አስቀድመው ሞተው ነበር፤ እቴጌይቱም ወደ አባታቸው ሀገር ወደ ሰሜን ተመልሰው መኖር ይመኙ ነበር። ነገር ግን ቀደም ብሎ የያዛቸው ሕመም በመንገድ ላይ ጠናባቸው። ባላቸው ከሞቱ አንድ ወር ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ትግራይ ውስጥ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ጨለቆት ተወስዶ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ባሠሩት በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በክብር ተቀበረ።

የአባቱ 40 ቀን ሳይሞላ የእናቱ መቃብር ተቆፈረ። የ7 ዓመት ልጅ ሁለት ሐዘን በአንድ ጊዜ ወደቀበት። በሀገሩ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ዘመድ አዝማድ ከብቦት፣ አልቃሿ የአባቱንና የእናቱን ስም እየጠራች፣ እርሱም በሰው እጅ ተደግፎ እያለቀሰ ሐዘኑ ይወጣለት ነበር። የእናቱ 40 ሲደርስ ግን ዓለማየሁ በጨለቆት አልነበረም።

እንግሊዞች ልጁን ይዘውት የሄዱበትን ምክንያት ሲያስረዱ የአባቱ ፈቃድ እንደዚያ ነበር፣ በሀገሩ ቢቀርም የአባቱ ጠላቶች ይገድሉት ነበር ይላሉ። የሁለተኛው ስጋት እውነትነት በቀላሉ የሚካድ አይደለም፤ የሥልጣን ተቀናቃኝ ልጅ ዕድሜ በዚያ ዘመን አጭር ነበር። ይሁን እንጂ የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቅያዬ በሕይወት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ከሄደም በኋላ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈዋል። በሀገሩ አፈር ላይ የሚያስበው ሰው ፈጽሞ ያልቀረው ልጅ አልነበረም ማለት ነው።

የባሕሩ መንገድ

በጉዞው የልጁ ጠባቂ የሆነው ካፒቴን ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ስፒዲ ቁመተ ረጅም፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ከዚያ ቀደም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለና አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ከልጁ ጋር የነበሩት ኢትዮጵያውያን በጉዞው ላይ ተለይተውት ወደ ሀገራቸው ስለ ተመለሱ፣ ዓለማየሁ በቋንቋው የሚያነጋግረው ሰው ይህ አንድ መኮንን ብቻ ሆኖ ቀረ። ልጁም አጥብቆ ተጠጋው። በሌሊት እንኳ ከእርሱ ተለይቶ መተኛት ይፈራ እንደ ነበር ተጽፏል።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. መርከቡ ፕሊመዝ ወደብ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ንግሥቲቱ ወደዱት፤ ወላጅ የሌለው ልጅ መሆኑም አሳዘናቸው። የአባትየው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በቀረበት ቤተ መንግሥት ልጁ በፍቅር ተቀባይነት አገኘ።

በዚያው ዓመት በዚያው ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥሩዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዓለማየሁን ብቻውንም ከስፒዲ ጋርም አነሣችው። ዛሬ የልዑሉ ስም ሲነሣ በብዙዎች ኅሊና የሚመጣው ይህ ፎቶግራፍ ነው። ልጁ የሀገሩን ልብስ ለብሷል፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ወላጆቹን ቀብሮ ጥቂት ወራት እንኳ ያልሞላው ሕፃን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያንን ፊት ሲያይ የውጭ ሀገር ሰዎች እንዳዩት እንደ ብርቅ ነገር አያየውም። በቁሙ ለቅሶ ያልተደረሰው የሐዘንተኛ ፊት ነው።

ትምህርትና ብቸኝነት

ስፒዲ በሕንድ ሀገር የፖሊስ ሹመት ሲያገኝ ዓለማየሁን ይዞት ሄደ፤ ከዚያም ወደ ፔናንግ ተዛወሩ። በእነዚህ ዓመታት ልጁ ስፒዲንና ባለቤቱን እንደ ወላጅ ቆጥሮ ኖረ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ልጁ በመደበኛ ትምህርት ቤት መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከሚወደው ሰው ባይለይ ቢመርጡም የመንግሥቱ ሐሳብ ጸና። ዓለማየሁ ገና 10 ዓመት ሲሆነው ለሁለተኛ ጊዜ ቤት አልባ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በቼልተነም ትምህርት ቤት፣ ዶክተር ጄክስ ብሌክ በተባሉ ርእሰ መምህር እጅ ሆኖ ተማረ። እኚህ መምህር ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ እርሱም ተከተላቸው። በጨዋታና በስፖርት ጎበዝ፣ በጠባዩ ጨዋና ተወዳጅ እንደ ነበር የሚያውቁት መስክረዋል። በመጽሐፍ ትምህርት ግን ብዙ አልገፋም። ይህን ያዩ አንዳንዶች ስንፍና አድርገው ቆጠሩት። እስከ 10 ዓመቱ ድረስ መቅደላን፣ እንግሊዝን፣ ሕንድንና ፔናንግን ያየ፣ አሳዳጊ የተፈራረቀበት ልጅ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥርበት ዕረፍት መቼ ነበረው?

በዚህ መካከል የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከአንደበቱ ራቀ። የሚያናግረው ሰው ያጣ ቋንቋ እንደማይሰነብት በባዕድ ሀገር ልጅ ያሳደገ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ ዳዊት ስትደግም የሰማው ጆሮ የእናቱን ቋንቋ መስማት ተሳነው። አባቱን በሀገሩ ቃል የማልቀስ፣ እናቱን በሀገሩ ዜማ የማሰብ ኃይሉም ከቋንቋው ጋር አብሮ ሄደ። ዐፅሙ በባዕድ አፈር ከማረፉ ከብዙ ዓመት በፊት የልዑሉ የመጀመሪያ ስደት የተፈጸመው በአንደበቱ ላይ ነው።

ከራግቢ በኋላ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ደስታ አላገኘም። ትምህርቱን ትቶ በሊድስ ከተማ፣ ሄዲንግሊ በተባለው ሰፈር፣ ከቀድሞ አስተማሪው ከሲሪል ራንሰም ቤት ተቀመጠ።

ኅዳር 1872

በሊድስ ሳለ ብርድ መታው፤ ሕመሙም ወደ ሳንባው ሽፋን ወርዶ ጠናበት። ንግሥቲቱ ሕመሙን ሰምተው ስለ ደኅንነቱ ይጠይቁ ነበር። ሆኖም ልዑል ዓለማየሁ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1879፣ በተወለደ በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው ሐዘናቸውን አስፍረዋል፤ በሰው ሀገር ብቻውን፣ ያለ አንድ ዘመድ መሞቱ እንዳሳዘናቸው ጽፈዋል። ሥርዓተ ቀብሩም በእርሳቸው ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጥር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ተፈጸመ። አስከሬኑ ከቤተ ጸሎቱ አጠገብ ባለው የመቃብር ዋሻ ውስጥ ዐረፈ። በቤተ ጸሎቱ ውስጥ ባስቀመጡለት የናስ መታሰቢያ ላይም ንግሥቲቱ ከማቴዎስ ወንጌል ስለ እንግዳ መቀበል የሚናገረውን ቃል አስቀረጹ።

የቀብሩ ዕለት በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 21 ነበር። ያ ቀን በሀገሩ አቆጣጠር ኅዳር 12፣ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ዊንዘር ላይ ሣጥኑ ወደ መቃብሩ ሲወርድ፣ በአባቱና በእናቱ ሀገር በስንቱ ደብር ታቦተ ሚካኤል በእልልታ ወጥቶ ይዞር ነበር። ከሞተ 7 ቀን ሆኖት ነበርና በሀገሩ ቢሆን ካህናቱ ለሰባቱ መታሰቢያ ይሰበሰቡ ነበር። ይህን የቀን መገጣጠም በቀብሩ ከቆሙት ሰዎች ያወቀው አልነበረም፤ በኢትዮጵያም ያሉ ወገኖቹ ያን ዕለት ልጃቸው እንደሚቀበር አላወቁም።

የዐፅሙ ነገር

አባቱ በመቅደላ፣ እናቱ በጨለቆት፣ ልጁ በዊንዘር። አንድ ቤተሰብ በሦስት መቃብር ተለያየ። ከእነዚህ ሁለቱ በሀገራቸው አፈር ሲሆኑ ሦስተኛው በባዕድ ምድር ነው። ዐፅም ከተቀበረበት አንሥቶ ወደሚገባው ቦታ ማፍለስ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ይከበራል። የልዑሉም ዐፅም ወደ ሀገሩ እንዲመለስ የተነሣው ጥያቄ ከዚህ እምነትና ባህል የወጣ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሁለት ሺህ ዓመት በዓሏን ለማክበር ስትዘጋጅ፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጥያቄውን ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት አቀረቡ። የተሰጠው መልስ በሐዘኔታ የተሞላ ቢሆንም ጥያቄውን የሚፈጽም አልነበረም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በድጋሚ በሰጠው መልስ፣ በዚያው ዋሻ ብዙ ሌሎች አስከሬኖች ስላሉ የእነርሱን ዕረፍት ሳያውኩ የልዑሉን ዐፅም ማውጣት አይቻልም አለ። የኢትዮጵያ ልዑካን ስፍራውን መጎብኘት እንደሚችሉም አስታወቀ።

መልሱ ሁለት ነገር በአንድነት ይዟል። ከሌሎች ሙታን ጋር የተቀላቀለ መቃብርን መክፈት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ የሌላውንም ሙት ዕረፍት ማክበር ክርስቲያናዊ ነው። ይሁን እንጂ አስቸጋሪ የሆነ ሁሉ የማይቻል አይደለም። በዚህ ዘመን ዐፅምን ከዐፅም ለይቶ የማወቅ ጥበብ እጅግ ተራምዷል፤ በአንድ ጉድጓድ ከተቀበሩ ብዙ ሰዎች መካከል የእያንዳንዱን ማንነት መለየት በብዙ ሀገር ተሠርቶበታል። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው።

የሚያጽናኑ ምልክቶችም ታይተዋል። በ1994 ዓ.ም. በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የነበረ የመቅደላ ታቦት ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባም ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጠጉር ለኢትዮጵያ አስረከበ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው የልዑል ዓለማየሁ የጠጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ያ ጠጉር በፍቅር የተቆረጠና በክብር የተጠበቀ ነበር፤ የጠበቁት ሰዎች የልጁን ስም ስለ አልረሱ ዛሬ ከአካሉ ጥቂት ነገር ወደ ወገኖቹ ሊደርስ ቻለ። በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ግን ገና በዕቃ ቤት ናቸው።

መታሰቢያው የማን ነው

የዐፅሙ መመለስ በሌሎች ፈቃድ የተያዘ ነው። መታሰቢያው ግን የማንንም ፈቃድ ጠብቆ አያውቅም። የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች ልዩነት በባዕድ ሀገር ላሉ ምእመናን ብዙ ያስተምራል።

በየአጥቢያው የእናቱን መርዶ በስልክ የሰማ፣ በፈቃድ ወረቀትና በሥራ ምክንያት ለቀብሯ ያልደረሰ፣ አፈሯን ያልነካ ልጅ አለ። አባቱን በዚህ ቀብሮ የሀገሩን አፈር ስላላለበሰው የሚጸጸትም አለ። በበረሓና በባሕር የቀሩ፣ መቃብር እንኳ የሌላቸው ወንድሞችና እኅቶችም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ርቀት አይከለክለውም፤ የሟቹ የክርስትና ስም በታወቀበት ሁሉ ዕጣኑ ይታጠናል፣ ስሙ ይጠራል፣ ነዳያን ይበላሉ። መቃብሩ ሩቅ ስለ ሆነ የ40 ቀኑን መታሰቢያ የተወ ሰው ሟቹን ለሁለተኛ ጊዜ ከዘመድ ይለየዋል። መቃብሩ ሩቅ ሳለ ቀኑን የቆጠረ ግን ርቀቱን በፍቅር ያሸንፈዋል።

ይህ ማለት ጸሎት ካለ የዐፅሙ ጥያቄ ይቅር ማለት አይደለም። የሚወዱትን ሰው ዐፅም በአገሩ አፈር ማሳረፍ ከአባቶቻችን የመጣ ግዴታ ነው፤ በጨዋነትና በጽናት መጠየቁም የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚጠይቅ ሕዝብ አስቀድሞ የሚያስብ ሕዝብ መሆን ይኖርበታል። በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን ስሙ ያልታወሰ ልጅ አንድ ቀን ዐፅሙ ቢመጣ እንኳ የሚቀበለው ጋዜጠኛ እንጂ ሐዘንተኛ አይሆንም።

የልዑሉ ሕይወት ለሕያዋን ልጆችም ይናገራል። ዓለማየሁን እንግሊዞች አልጠሉትም፤ ብዙዎቹ ወደዱት፣ አስተማሩት፣ በንጉሣውያን መካከልም ቀበሩት። ይህን ቸርነት መካድ ለእውነት አይበጅም። ያጣው ነገር ግን በማንም ደግነት የማይተካ ነበር፤ የእናቱን ቋንቋ የሚያናግረው፣ ከየት እንደ መጣ የሚነግረው፣ ወላጆቹን በሥርዓታቸው እንዲያለቅስ የሚያስተምረው ሰው አጣ። ዛሬ በባዕድ ሀገር በየሰንበቱ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት ክፍል፣ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙበት ጉባኤ፣ ከአያቶቻቸው ጋር ንፍሮ እየቆነጠሩ የሟቹን ታሪክ የሚሰሙበት የተዝካር ቤት ለዓለማየሁ ያልተሰጠው ነገር ነው። አያቱን ማን እንደ ነበሩ የማያውቅ ልጅ አያቱን ሊያስብ አይችልም፤ የአያቱን ስም በቋንቋቸው መጥራት የቻለ ልጅ ግን ከእኛ በኋላም ቀኑን ይቆጥራል።

እንግዲህ ኅዳር 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ወርኃዊ መታሰቢያ ሲከበር የዚህ ብላቴና ስምም በየአጥቢያው ቢነሣ መልካም ነው። አባቱ ቴዎድሮስ፣ እናቱ ጥሩወርቅ አብረው ይጠሩ፤ በምድር በሦስት መቃብር የተለያዩት በአንድ ጸሎት ይገናኙ። ከእነርሱም ጋር መቃብራቸው የራቀ፣ ወይም ፈጽሞ ያልታወቀ የእያንዳንዱ ቤት ሙታን ይታሰቡ።

የልዑል ዓለማየሁን፣ የወላጆቹንና በሃይማኖት ያንቀላፉትን ሁሉ ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።